የፌይዙላህ ፓሻ መከዳ

ሻባን 17

ይህን ደብተር ያስጠረዝኩት ለራሴ ነው። ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ሁሉ በሌላ ሰው ስም ነው፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ «እኔ ሼምሲ» ብዬ ልጻፍ። የመጀመሪያውን ቅጠል ባዶ ትቼዋለሁ። እጄ ረግቶ፣ ብዕሩም ደህና የተቀረጸ ቀን፣ የአላህን ስም አሳምሬ እጽፍበታለሁ። ዛሬ እጄ አልረጋም።

ጌታችን ፌይዙላህ ፓሻ ወደ ዳኑብ ጦርነት ከዘመቱ ወር ተኩል አለፋቸው። ሊሄዱ ሲሉ በሰው ሁሉ ፊት ትከሻዬን ይዘው፣ «ሼምሲ እንደራሴዬ ነው፤ እንደ ራሴ እዩት» አሉ። እንደ እሳቸው ቢያዩኝማ ማን ይደፍረኝ ነበር! የሹመት ወረቀቴም «በሕይወት እስካለሁና እስክመለስ ድረስ ቃሉ ቃሌ ነው» ይላል። የሚያምር ወረቀት ነው። ከተማው ግን ወረቀቱን አያይም። የሚያየው በአዳራሹ ራስጌ የተነጠፈውን የፓሻውን ቀይ መከዳ ነው። መከዳው ባዶ ነው፤ እኔ ከጎኑ ዝቅ ብዬ ምንጣፍ ላይ እቀመጣለሁ። ባለጉዳይ ሲገባ ለመከዳው እጅ ይነሳና ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ይጮህብኛል።

ለፓሻው ይቆይ የተባለ ወረቀት ሁሉ፣ የቤቱ ልማድ ነውና፣ ከመከዳው ጠርዝ ስር ይገባል። መከዳው በአንድ ወገን ከፍ ብሏል።

ከሁሉም የከበደኝ የሰልማን ነገር ነው። ሰልማን የፈረስና የበቅሎ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ ጎልማሳ ነው። ባለፈው ወር መጨረሻ የሐጂ ሙርተዛ የእህት ልጅ በሰልማን ደጃፍ ላይ ሞቶ ተገኘ። ደረቱ ላይ የኮቴ ምልክት ነበረበት። ሬሳውን ያጠቡት አይተውታል፤ እኔም አይቻለሁ። የረገጠችው የራሳቸው የሐጂ ሙርተዛ በቅሎ ናት። ሐጂ ሙርተዛ ግን የአገሩ ትልቅ ባለመሬት ናቸው፤ የእህታቸው ልጅ በበቅሎ ተረግጦ ሞተ መባሉን አልወደዱትም። ሰልማን በመዶሻ መታው አሉና አሳሰሩት። አሁን ይሰቀልልኝ ነው የሚሉት።

ናኢባችን ሱብሂ ኤፈንዲም እንደኔ የሰው ምትክ ናቸው፤ ኢስታንቡል ተቀምጦ መልካችንን እንኳ በማያውቀው ቃዲ ፈንታ ይፈርዱልናል። ሻባን 5 ቀን ነገሩን ሰሙና፣ «ምስክር የለም። ሼምሲ አጋ፣ አንዲት የመፍቻ ወረቀት ጻፍና ሰውየውን ልቀቀው» አሉኝ።

አልጻፍኩም። ነገሩ ከባድ ስለሆነ ፓሻው ይዩት ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሻባን 19

ድመት ወለደች። ቦታ ጠፍቶ የፓሻው መከዳ ላይ!

ዘበኞቹን አንሷት አልኳቸው። «መከዳውን መንካት ለኛ አልተፈቀደም» አሉ። «እሺ ማን ያንሳት?» ስል አንዱ፣ «እርስዎ እንደ ፓሻው አይደሉም እንዴ አጋ?» አለኝ። ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። እየሳቁ እንደሆነ ትከሻቸው ይናገራል።

ላነሳት እጄን ብሰድ ቧጨረችኝ። አምስት ግልገል። እዚያው ናቸው።

ሻባን 23

ሐጂ ሙርተዛ የሽምብራ ቆሎ በከረጢት አስይዘው መጡ። ከጎኔ ተቀምጠው አንድ በአንድ እየቆረጠሙ፣

«ፓሻው መለሱልህ ልጄ?» አሉ።

«ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው ጌታዬ።»

«መንገዱ ረዘመሳ።»

«ጦርነት ነው፤ ምን ይደረግ።»

«ምንም አይደረግ። ዝም ብዬ አንተን አስቤ ነው። ፓሻ ይመጣል፣ ፓሻ ይሄዳል። እኔ ግን የትም አልሄድም። ቤትህ የተሠራበት ቦታ የማን ነበር? የአባቴ ነው መሰለኝ። ደግሞስ አንተን ማን ተነስ ይልሃል፤ ልጃችን አይደለህ!»

እንደ አባት የተናገሩት ነው። እኔም እንደ አባት ነው የሰማኋቸው። ማታ እራት አልበላ አለኝ እንጂ።

ለፓሻው ሁለተኛ ደብዳቤ ላክሁ። እንደ ወጉ «ጌታችን፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው» ብዬ ጀመርኩ።

ሻባን 26

ባለቤቴ ገውሄር ከመታጠቢያ ቤት ተመልሳ እጅጌዋን ሰብስባ አሳየችኝ። ክንዷ ቲማቲም መስሏል።

«ዘሊሃ ናት» አለች።

ዘሊሃ የሰልማን እናት ናት። በሴቶቹ መታጠቢያ ቤት ገላ የምታሽ እሷ ናት፤ ከሷ በቀር ሌላ የለም። ሁሉም ሴት በእጇ ያልፋል።

«ምን አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጀርባዬን እያሸች፣ ‹የኔ እመቤት፣ ያማል እንዴ? ትንሽ ይቆይ፣ ፓሻው ሲመጡ ይተውሻል› ትለኛለች። ሴቱ ሁሉ በሳቅ ሞተ።»

«ሌላ መታጠቢያ ቤት ሂጂ።»

«የት ያለ ሌላ? አንተ ሰውዬ፣ ጻፍና ገላግለኝ!»

ሰዎች የመንግሥት ሥራ ቀላል ይመስላቸዋል።

ረመዳን 2

ጾሙ ከሙቀት ጋር ገጠመ። ቀኑ አያልቅም። ሁሉም ይቆጣል። ሦስተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ቀለሙ ብዕሩ ጫፍ ላይ ይደርቃል።

ረመዳን 6

መልስ የለም። ድመቷ ግልገሎቿን ወደ መከዳው መሀል አዛወረች። በእግሬ ጫፍ «ውጪ» ብላት ዓይኗን ጨፈነች።

ረመዳን 11

ሽምብራ ከሚቆላው ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ስደርስ ሁለት በቅሎ ነጂዎች ያወራሉ። አንደኛው፣ «ኤድርኔ ላይ አንድ ፓሻ በንዳድ ሞተ አሉ፤ ወታደሩ እንዳይበተን ደብቀውት ነው» ይላል። እኔን ሲያዩ አንዱ ያለ ምክንያት በቅሎውን መሳደብ ጀመረ።

በዚህ ዘመቻ ስንት ፓሻ አለ! ዝንብ ይበልጠዋል? አንዱ ቢሞት የኛው ይሆናል ማለት ነው? ሰው ሥራ ሲፈታ ሬሳ ይቆጥራል። ቤቴ ገብቼም ስለዚህ ወሬ አላሰብኩም። ሌሊቱንም አላሰብኩም።

ረመዳን 15

ደብዳቤ መጣ! አላህ ይመስገን። እነዚያ በቅሎ ነጂዎች አሁን ምን ይሉ ይሆን?

የጻፈው የፓሻው ቤት አዛዥ ነው። ጌታችን ደህና ናቸው ይላል። ሥራ ስለበዛባቸው በእጃቸው አልጻፉም፤ ማኅተሙም ሌላ ድንኳን ውስጥ ስለነበር አልታተመም። የበግ ቆዳና ሦስት ድንኳን ላክ ይላል። ስለ ሰልማን አንድም ቃል የለም።

አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። ፓሻው ከግቢያቸው ከወጡ ጀምሮ የላኩት ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻው ላይ በገዛ እጃቸው «የኮክ ዛፌ እንዴት ናት?» የምትል መስመር ነበረበት። ዘንድሮ ገና ማፍራቷ ነው። ውሃ ሳጠጣ የከረምኩት እኔ ነኝ፤ በጾም አፌ ባልዲ ተሸክሜ! በዚህ ደብዳቤ ግን ስለ ዛፏ ጠያቂ የለም። አንዲት ቃል ምን ነበረበት?

ለገውሄር አነበብኩላት። «ስለ ኮኳ አልጠየቁም?» አለች። ከዚያ ማድ ቤት ገብታ ቆየች።

ረመዳን 20

እስር ቤት ወረድኩ። መውረድ አልነበረብኝም።

ሰልማን ትኩሳት ይዞታል። እግሩ በሰንሰለቱ ዙሪያ አብጧል። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ፤ ተቀመጥ አልኩት።

«አጋ፣ በቅሎዋ ደህና ናት?» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«የሐጂ ሙርተዛ። የኋላ ግራ እግሯን ብረት ሳልመታ ነው የያዙኝ። ታነክሳለች። ከተሰቀልኩ ከሌላ አገር ብረት መቺ ያምጡላት። ግን ንገሩት፣ ከኋላ እንዳይጠጋት።»

እየቀለደ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር ግን ይስቃል። እኔም ሳቅ መጣብኝ። ውሃና ወፍራም ምንጣፍ ይሰጠው ብዬ አዘዝኩ። ስወጣ ዘበኛው፣ «ይህ ሰው ገበያው ላይ ሳይሰቀል እዚሁ ይሞትብናል» ሲል ሰማሁት።

ይህም በትእዛዜ የሆነ ይመስል! እኔ ምንም አላዘዝኩም። ወር ሙሉ ያጠፋሁት ነገር ቢኖር ምንም አለማዘዜ ነው።

ረመዳን 27

ከገውሄር ጋር ተጣላን። የተቀደሰ ሌሊት ነበር፣ እኛ ግን እንደ ገበያ ተጯጯህን።

«የምትጠብቀው ፓሻውን አይደለም» አለችኝ። «ሐጂ ሙርተዛን ነው የምትፈራው።»

«ቤቱን ይቀሙናል፤ አንቺ የት ትገቢያለሽ?»

«ወንድሜ ጋ እገባለሁ። አንተንም እንግዳ አድርጎ ይቀበልሃል። ሰውየው ሲሰቀል ግን የት ነው የምትገባው?»

«ፓሻው ከመለሱ...»

«ፓሻው አይመልሱም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተም ታውቃለህ» አለች።

አላውቅም። እንዴት አውቃለሁ? ማን ነገረኝ? ይህን ስጽፍ ቀለሙን ደፋሁት፤ ንዴት ነው።

ሸዋል 1

ዒድ። የከተማው ትላልቅ ሰዎች እንደ ወጉ አዳራሽ ገብተው የመከዳውን ጠርዝ እየሳሙ ወጡ። ድመቷ እያንዳንዱን አንድ በአንድ ተመለከተች። ሱብሂ ኤፈንዲ ጎንበስ ሲሉ ጺማቸውን በጥፍሯ ያዘችባቸው፤ አባቶቻቸውን ተከትለው የመጡት ልጆች በሳቅ ተንጫጩ።

ሐጂ ሙርተዛ ግን አልሳሙም። ከመከዳው ፊት ቆመው አዩት፤ አንድ ሰው ሊገዛ ያሰበውን ዕቃ ሲያይ እንደሚያየው ነው ያዩት። ከዚያ «መልካም ዒድ ልጄ» ብለውኝ ወጡ።

የሚያውቁት ነገር አለ።

እኔም አውቃለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ከረመዳን 11 ጀምሮ አውቃለሁ፤ ስለ ኮኳ ያልጠየቁ ዕለት ደግሞ አረጋገጥኩ። አህያ ነኝ፣ ፈሪ አህያ! ለሞተ ሰው ዕድሜ እየተመኘሁ አምስት ደብዳቤ ጻፍኩ።

ሸዋል 5

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የመንግሥት ፈረሰኛ መጣ። ሜስታን ይባላል፤ ፈረሱን እየጎተተ በእግሩ ነው የገባው። ሁለት ደብዳቤ ይዟል፣ አንዱ ለኔ ነው፣ ሌላው ለሐጂ ሙርተዛ።

የኔን ቆሜ አነበብኩት። ጌታችን ፌይዙላህ ፓሻ ሻባን 11 ቀን ኤድርኔ ላይ በንዳድ ዐረፉ። የቤታቸው አዛዥ ሞታቸውን ደብቆ በስማቸው ሲጽፍ ከርሞ አሁን ተይዟል። ስለዚህ ከሻባን 11 ወዲህ እንደራሴው ያወጣው ትእዛዝ ሁሉ ፈርሷል። አዲስ ሹም እስኪመጣ ከተማውን ሐጂ ሙርተዛ ይጠብቁ፤ እንደራሴው ነገ በጠዋት ማኅተሙን ያስረክብ።

አለቀስኩ። መጻፉ ያሳፍረኛል ግን አለቀስኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የኮክ ዛፋቸውን ፍሬ ሳይቀምሱ ነው የሄዱት።

ሜስታን ደግሞ ለቅሶዬን ቆሞ ይጠብቃል። «አጋ፣ አላህ ያጽናዎት። የሐጂውን ደብዳቤ ላድርስና ልመለስ። ፈረሴ ግን ብረቱን ጥሏል። ብረት መቺ የት ነው ያለው?»

«እስር ቤት» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ታዲያ ፍቱታ!» አለና ሳቀ። ለሱ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ሐጂው ነገ ማኅተሙን እንደያዙ የሚያደርጉትን አውቃለሁ። ገበያው ላይ የመስቀያው እንጨት ከቆመ ሦስት ቀኑ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው መፍቻ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ከሻባን 11 ወዲህ እኔ የማንም እንደራሴ አይደለሁም። ሁለት ወር የዛፍ ውሃ አጠጪ ብቻ ነበርኩ።

ከሻባን 11 ወዲህ። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሜስታንን «መጀመሪያ ብላ፣ ደብዳቤው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ሐጂው አይቆጡም» አልኩት፤ ገውሄር የበግ ሥጋና ሩዝ አቀረበችለት። ሱብሂ ኤፈንዲን አስጠራሁ። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ፤ ደብዳቤውን አነበቡ፣ ለፓሻው ነፍስ ጸለዩ፣ ከዚያ ተቀመጡ።

«ሻባን 5 ቀን ምን ብዬህ ነበር?» አሉኝ።

«አንዲት ወረቀት ጻፍ ብለውኝ ነበር።»

«አልጻፍክም ወይ?»

ደብዳቤውን አጣጠፍኩ። እሳቸውም ትኩር ብለው አዩኝ። ሽማግሌው ሁልጊዜ እንቅልፋም ይመስሉኛል፤ ዛሬ ግን ዓይናቸው አልተከደነም።

«ምናልባት ጽፈህ ረስተኸው ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። «ሻባን 9 ቀን ገደማ። ምናልባት ከመከዳው ስር ከትተኸው ይሆናል። ድመቷ ስትወልድ ማን ያነሳዋል?»

«እኔ ነገር አልረሳም ኤፈንዲ። ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«እሱን ነው የምልህ። ከነገ ጀምሮ ከተማው ሌላ ነገር ያውቃል። ሰው ሁለት ወር እስር ቤት ረስቶ የኮክ ዛፍ ሲያጠጣ የከረመ እንደራሴ ይሉሃል። ልጆች ይዘፍኑብሃል። ትችለዋለህ?»

«ቤቱንም ይወስዱብኛል።»

«ይወስዳሉ።»

ወረቀት አወጣሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እኔ አልዋሽም» አሉ። «ነገ መከዳውን በሥርዓቱ አነሳለሁ፣ ከስሩ ያገኘሁትን አነባለሁ። ስለ ቀለሙ የሚጠይቀኝ ካለ ዓይኔ ደካማ ነው።»

ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን ከድመቷ ስር አስገባሁት። ዛሬ አልቧጨረችኝም።

ሸዋል 6

ሆነ።

ሐጂ ሙርተዛ አዲስ ካባ ለብሰው መጡ። ማኅተሙን አስረከብኩ። ሱብሂ ኤፈንዲ ድመቷን ከነግልገሎቿ በቅርጫት አስነሱና መከዳውን ገለበጡ። ያልታየ ወረቀት ሁሉ ተበተነ፣ ፀጉር በፀጉር ሆኖ። አንድ በአንድ እያነሱ ማንበብ ጀመሩ፤ የውሃ ቦይ ክርክር፣ የአንዲት ፍየል ነገር፣ የመስጊድ ጣሪያ። ሰው ማዛጋት ሲጀምር በዚያው በሚያንቀላፋ ድምፅ፣ «ሻባን 9። ብረት መቺው ሰልማን ምስክር ስላልተገኘበት ይፈታ። እንደራሴ ሼምሲ» ብለው አነበቡ።

ሐጂው ወረቀቱን ነጠቁ። አገላበጡት። አሸተቱት እንኳ። የድመት ሽንት ይሸታል፤ አራቁት።

«ሁለት ወር ሙሉ ለምን አልተፈጸመም?» አሉ እኔን እያዩ። ‹ልጄ› ቀርቷል።

ሜስታን፣ የመንግሥቱ ፈረሰኛ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ እሱ ባለበት ሐጂው የሻባን 9ን ትእዛዝ መቅደድ አይችሉም።

«ረሳሁት» አልኩ።

«ምን?»

«ረሳሁት ጌታዬ። ጽፌ ከመከዳው ስር አኖርኩት፣ ድመቷ ወለደች፣ ረሳሁት።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። በሕይወቴ እንዲህ ተስቆብኝ አያውቅም። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ግን ፈራሁ ከማለት ቀለለኝ፤ ይህንንም ልጻፈው።

ሰልማን በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣ። ግቢው በር ላይ እናቱ ዘሊሃ አቀፈችው፣ ከዚያ ትታው ወደ እኔ መጣች። «ረሳኸው?» አለች። «ልጄን? እንደ ጃንጥላ ረሳኸው?» እግሬ ስር ተፋች። ልነግራት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት።

ሰልማን መቀመጫ አስመጥቶ፣ በዚያ ባበጠ እግሩ፣ የሜስታንን ፈረስ ብረት መታ። ማንም አላዘዘውም።

ሸዋል 9

ዕቃችንን ጫንን። የገውሄር ወንድም ሁለት ክፍል ሰጥቶናል። የኮኩ ዛፍ ፍሬ ደርሷል፤ የሐጂው ሰዎች እየለቀሙት ነው።

ገውሄር ትናንት ለመጨረሻ ጊዜ ታጥባ መጣች። ጀርባዋ ከምንጊዜውም ይልቅ ቀልቷል። «ዘሊሃ ‹የዝንጉው ሚስት› እያለች አሸችኝ» አለችና ሳቀች። «ልነግራት እችል ነበር።»

«አልነገርሻትም?»

«አልነገርኳትም። በደንብ ታሽ፤ ልጇ ቤቷ ነው።»

ደብተሩን አቃጥለው አለችኝ። ልክ ናት፤ አቃጥለዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያ ባዶ የተውኩት የመጀመሪያ ቅጠል አለ። እሱን ቀድጄ አስቀራለሁ። ብዕሩን ዛሬ ጥሩ አድርጌ ቀርጬዋለሁ።

ሻባን 9

በአላህ ስም። ዛሬ እጄ ረግቷል።

ጌታችን ፌይዙላህ ፓሻ፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ በሕይወትና በጤና አሉ። እኔ ሼምሲ እንደራሴያቸው ነኝ። ብረት መቺው ሰልማን ዛሬውኑ እንዲፈታ አዘዝኩ። ማንንም አልጠበቅሁም፣ ማንንም አልፈራሁም።